ከቺሮ እስከ ኤምአርአይ፦ በዘር የሚወረስ የነርቭ በሽታ እንዴት ይታወቃል?

ሐረርጌ ውስጥ አንድ ወጣት «ጉበቱን ነው ያመመው» ከተባለ ተጠርጣሪዎቹ ወዲያው ይደረደራሉ፤ የጉበት ቫይረስ፣ ቢልሃርዚያ፣ ጫት። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በሐረር ከተማ በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን 150 ታካሚዎች ሕመሙ ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ጫት መቃም ለጉበት ሕመም ከመጋለጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ጫት መተዳደሪያም ማምሻም በሆነበት አገር ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ «ትቅማለህ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ችግሩ የሚመጣው መልሱ «አዎ» ሆኖ ጥያቄው እዚያው ላይ ሲያበቃ ነው።

እንዲህ ያለ ታካሚ ይታሰብ። ዕድሜው 22 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የወፍ በሽታ ነው ተባለና በራሱ ጊዜ ለቀቀው። አሁን ብርጭቆ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። የእጅ ጽሑፉ ተበላሽቷል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ምራቁ ሳያውቀው ይወርዳል። ጠባዩም ተለውጦ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ጓደኞቹ ምርቃና ነው ይላሉ፤ አክስቱ ዓይን በልቶታል ትላለች፤ ቤተሰቡ እንደ እምነቱ ወይ ወደ አሰቦት ገዳም ጠበል ወይ ወደ ሼኩ ዘንድ ለዱዓ ሊወስደው ያስባል። ይህ ወጣት ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ምልክቶቹ ግን በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ከተመዘገቡ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የመዘገባቸው በለንደን ይሠራ የነበረው የነርቭ ሐኪም ሳሙኤል ኪኒየር ዊልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ጽሑፍ በአንድ ቤተሰብ ልጆች ላይ እየተደጋገመ የሚታይ፣ አንጎልንም ጉበትንም አብሮ የሚጎዳ በሽታ ገለጸ። በሽታው ዛሬ በስሙ ይጠራል። መንስኤው መዳብ ነው። ከምግብ ጋር ወደ ሰውነት የሚገባውን ትርፍ መዳብ ጉበት ከሐሞት ጋር አድርጎ ያስወጣዋል፤ ይህን ሥራ የሚያዝዘው ዘረ መል ሲበላሽ መዳቡ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ ወደ ደም ይፈሳል፣ በደም በኩል አንጎልና ዓይን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የተበላሸው ዘረ መል ኤቲፒ7ቢ ይባላል፤ ተለይቶ የታወቀው በ1993 ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የዊልሰን በሽታ በብዙ አገሮች ከ30,000 ሰው አንዱን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ነዋሪ ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ነበር። ዓለም አቀፉ ግምት እዚህም ይሠራል ብንል በዚያ ጊዜ በዞኑ 60 ያህል ሰው ይኖራል ማለት ነው። ይህ በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት እንጂ ቤት ለቤት የተደረገ ቆጠራ አይደለም። ቢሆንም «ብርቅ በሽታ» የሚባለው ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ የማይገጥም እንዳልሆነ ያሳያል። በአንድ ሆስፒታል ለዓመታት የሠራ ሐኪም ሳያውቀው አንድ ሁለቱን አሳልፎ ሊሆን ይችላል።

እንደ ኤምአርአይ ያለ ከፍ ያለ ምርመራ የታዘዘለት ታካሚ ከዞኑ ዋና ከተማ ከቺሮ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በሂርናና በቁልቢ በኩል ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር መድረስ ነው። ሌላው በሚኤሶና በአሰቦት አድርጎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ መሄድ ነው። በአውቶቡስ የሪፈር ወረቀት ይዘው ከሚሳፈሩት ሽማግሌዎች መካከል ቺሮን ዛሬም በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ የሚሉ አሉ። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የአስታማሚው ወጪ ከምርመራው ክፍያ ጋር ሲደመር ቀላል አይሆንም፤ ለዚህ ሲል ያደለበውን ሰንጋ የሚሸጥ ገበሬ አለ። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት የሚነሳው ፎቶ ምን ሊነግር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቁ ይጠቅማል።

የኤምአርአይ ክፍል በር ላይ ጥያቄው ብዙ ነው። ልብ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ አለ? በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት አለ? ሰውነት ውስጥ የቀረ የጥይት ወይም የፍንዳታ ፍንጣሪ አለ? ጥያቄው ለወግ አይደለም፤ በብዙ ሆስፒታሎች ያለው ባለ 1.5 ቴስላ ማግኔት ኮምፓስን ወደ ሰሜን ከሚያዞረው ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል ከ20,000 እጥፍ በላይ ይበረታል። ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ስልክ፣ የፀጉር መርፌ፣ የባንክ ካርድ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ጆሮው ይደፈናል፣ ራሱ ላይ እንደ ጭንብል ያለ ነገር ይገጠምለታል፣ አልጋው ወደ ጠባቡ ዋሻ ይገባል። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወፍጮ የሚያጓራ፣ አንዳንዴም የሚደበድብ ድምፅ ይጀምራል። ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ያስፈልጋል። እጁና አንገቱ በሕመሙ ምክንያት ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይህ ትልቅ ፈተና ነው፤ ብዥ ብሎ የወጣ ፊልም ይዞ የሚመለሰውም በዚህ ሰበብ ነው።

መሣሪያው የሚያነበው በሰውነት ውስጥ ያለውን ውኃ ነው። ማግኔቱ በውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን በአንድ አቅጣጫ ያሰልፈዋል፤ የራዲዮ ሞገድ ይልክና ሰልፉን ያናጋዋል፤ ሃይድሮጂኑ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰጠውን ምልክት ኮምፒውተሩ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። ራጅና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙበት ጨረር እዚህ የለም። ለዚህ ሥራቸው አሜሪካዊው ፖል ላውተርበርና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሲቲ ስካን ከዚያ ይቀድማል፤ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ የመጀመሪያዋን ታካሚ አንጎል ያነሳው በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ሲቲ የፈሰሰ ደምንና የተከማቸ ካልሲየምን ለማየት ፈጣን ነው። ኤምአርአይ ደግሞ የአንጎልን ነጭና ግራጫ ክፍል ለይቶ በማሳየት ይበልጠዋል።

አሁን ወደ 22 ዓመቱ ወጣት ፊልም እንመለስ። ራዲዮሎጂስቱ ከአናት እስከ ማጅራት የተከታተሉትን ቁርጦች አንድ በአንድ ያያል። መሐል ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክሉት ክፍሎች አሉ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ግራጫ ሆነው የሚታዩት እዚህ ነጭ ሆነው ያበራሉ። ወደ ታች ወረድ ሲል የአንጎል ግንድ ላይኛው ክፍል ይመጣል። እዚያ በነጩ መደብ ላይ ሁለት ክብ ጥቁር ነጥቦች እንደ ዓይን ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ከበላያቸው ሁለት ጥቁር ጆሮዎች፣ ከታች ደግሞ ጠቆር ያለ አፍ። ሐኪሞች በቻይና ተራሮች በሚኖረው እንስሳ ስም «የፓንዳ ፊት» ይሉታል። ይህን ያየ ራዲዮሎጂስት ሪፖርቱ ላይ «የዊልሰን በሽታ ይጣራ» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይገረምም።

ነገር ግን የፓንዳው ፊት የሚታየው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ብዙዎቹ ላይ አይታይም፤ ባለመታየቱ በሽታው የለም አይባልም። በአንጻሩ ኦክስጅን ያጠረው፣ አንዳንድ መርዝ የነካው ወይም ሌላ ሕመም ያለበት አንጎልም እነዚያኑ ክፍሎች ሊያነጣ ይችላል። ስለዚህ ፊልሙ ምርመራውን ያቀናል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ሌላ ቦታ ነው፤ ገንዘቡም መንገዱም ከኤምአርአይ ያነሰ ነው። የዊልሰን በሽታ አንጎላቸው የደረሰባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዓይናቸው ጥቁር ክፍል ዙሪያ ወርቃማ ቡኒ ወይም አረንጓዴ የሆነ ቀለበት አላቸው። የዓይን ባለሙያ በማይክሮስኮፕ መብራቱ በጥቂት ደቂቃ ያየዋል። ሴሩሎፕላዝሚን የተባለው መዳብ ተሸካሚ ፕሮቲን በደም ውስጥ መቀነሱ፣ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ደግሞ መዳብ መብዛቱ ተጨማሪ ማስረጃ ነው። ወጣት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ጉበቱም የተነካ ሰው ሲመጣ ወደ ዓይን ክፍል የሚጻፍ አንድ ወረቀት ወደ አዲስ አበባ ከሚጻፈው መቅደም ነበረበት።

ይህን ሁሉ መድከም የሚያስፈልገው በሽታው መድኃኒት ስላለው ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ የዊልሰን በሽታ ማለት ቀስ ብሎ የሚመጣ ሞት ነበር። በ1956 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዎልሽ ፔኒሲላሚን የተባለውን መዳብን አስሮ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አስተዋወቀ። ከእርሱ በኋላ ትራየንቲን መጣ፣ ዚንክም ሥራ ላይ ዋለ። ዚንክ በየጤና ጣቢያው ለሕፃናት ተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው ያው ማዕድን ነው፤ አንጀት ከምግብ መዳብ እንዳይመጥጥ ያደርጋል። መጠኑ ግን የሚገናኝ አይደለም፤ ለሕፃን በቀን እስከ 20 ሚሊ ግራም ሲሰጥ ለዊልሰን ታማሚ አዋቂ 50 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ የተለመደ ነው። ስለዚህ በራስ ግምት የሚጀመር ነገር አይደለም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው። በጊዜ የጀመረ ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ይወልዳል፤ ፊልሙ ላይ የነጣውም እየደበዘዘ ሊሄድ ይችላል። «ተሻለኝ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ግን በሽታው ተመልሶ ይበረታበታል።

ዊልሰን የሚወረሰው ከሁለቱም ወገን ነው። አባትም እናትም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ራሳቸው ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ ሁለቱንም ቅጂ የወረሰው ልጅ ነው የሚታመመው። ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ነው። ወላጆቹ የሥጋ ዘመድ ከሆኑ ያንኑ ቅጂ ከአንድ አያት ሊያገኙ ስለሚችሉ አጋጣሚው ይጨምራል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባው ማኅበረሰብ ይህን ሳያውቅ አደጋውን አሳንሷል። የምዕራብ ሐረርጌ ጎረቤት የሆነው አፋር ደግሞ በአብሱማ ሥርዓቱ የአጎትና የአክስት ልጆችን ያጋባል። ይህ ማንንም ለመውቀስ የሚነሳ ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ ግን የባልና ሚስቱን ዝምድና ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ በቃል ቀላል ይመስላል። በጨርጨር ተራሮች የኢቱ ኦሮሞ ሽማግሌ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ ሲቆጥር ሰባትም አሥርም ትውልድ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ሐኪም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ቆጠራው በአባት በኩል ብቻ ነው። እናቶቹ፣ አክስቶቹ፣ ሌላ ቀበሌ የተዳሩት እህቶች በዝርዝሩ የሉም። በሽታው ደግሞ በእናት በኩል እኩል ይመጣል። ሌላም እንቅፋት አለ። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ታካሚ አዲስ አበባ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ሲገጥመው የሚያስተረጉምለት ልጁ ወይም ወንድሙ ነው። «አባቱ ከመሞቱ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» ሲባል ልጁ ያውቃል፤ አያቱ በስተርጅና ሲንገዳገዱ፣ ፊታቸው ሲጨማደድና እጃቸው ሲወራጭ አይቷል። ልታገባ የታጨች እህት አለችው፣ ወሬው ቢወጣ እጮኛዋ ይቀራል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ «በእርጅና ነው የሞቱት» ብሎ ይተረጉማል። ፊልሙ ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሊሳሳት ይችላል።

እንደ አያትየው እጅና ፊት የሚያወራጨው በሽታ ሃንቲንግተን ይባላል። ወጣቱ አሜሪካዊ ሐኪም ጆርጅ ሃንቲንግተን በ1872 ገለጸው። እንደ ዊልሰን ከሁለት ወገን መምጣት አያስፈልገውም፤ አንድ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው። ሰባት ቤት መቁጠርም አይከላከለውም። ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ሰውየው እስከዚያ አግብቶ ወልዷል። አረማመዱን ያየ ሰው ሰክሯል ይላል፤ መጠጥ በማይጠጣ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ጫት ወይም ወደ ጅኒ ይዞራል። ኤምአርአዩ ላይ ከመሐሉ ክፍሎች አንዱ፣ በጤነኛ ሰው ወደ አንጎሉ የውኃ ጓዳ ጎበጥ ብሎ የሚገባው፣ ከስቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ጓዳውም ይሰፋል። በበሽታው መጀመሪያ ግን ፊልሙ ምንም ላያሳይ ይችላል። በዚያ ላይ ሃንቲንግተንን ከነምልክቱ ከነፊልሙ የሚመስል፣ በ2001 የተለየ ሌላ በሽታ አለ፤ እስካሁን የተገኘውም ከሞላ ጎደል አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በዘረ መል ምርመራ ብቻ ነው።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ተመሳሳይ ሕመም ሲይዛቸው ሁሉ የዘር ነው ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ለዚህ ከኢትዮጵያ የተሻለ ማስረጃ የሚሰጥ አገር ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ የጓያን ጉዳት አጥንተዋል። ጓያን በብዛት የበሉ ወንድማማቾች እግራቸው ይተሳሰራል፣ በጣት ጫፍ ይሄዳሉ፣ በትር ይይዛሉ። ለማያውቅ ሰው ከወላጅ የወረሱት ነገር ይመስላል። የወረሱት ግን የድርቅ ዓመትን ማዕድ ነው። የእነዚህ ሰዎች የአንጎል ፊልም ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ እግር የሚያስተሳስር የዘር በሽታ ያለበት ሰው ፊልምም እንዲሁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «በዚያ ዓመት ምን ትበሉ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከማግኔቱ ይበልጣል።

እኚሁ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ባካሄዱት ጥናት የነርቭ በሽታዎችን ቆጥረዋል። የሚጥል በሽታ ከሁሉ ቀዳሚ ነበር። ከዝርዝሩ ታች ላይ፣ ሚዛን የሚያሳጣ ሕመም ከ100,000 ሰው 5፣ ሰውነት የሚያወራጭ ሕመም እንዲሁ 5 ተገኝቷል። ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ የዘር፣ የትኞቹ የሌላ እንደሆኑ ለመለየት ያኔ መሣሪያው አልነበረም። ጥናቱ ግን አንድ ነገር አረጋግጧል፤ እነዚህ ሕመሞች በኢትዮጵያ ገጠር አሉ።

የሚያጠናቸው ባለሙያ ቁጥር ግን ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠኛው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ነርቭ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ዛሬ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ቢበረክቱም አብዛኞቹ ያሉት በትልልቅ ከተሞች ነው። የዘረ መል ምርመራውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ነው።

በፊልም ላይ ፍንጭ የሚሰጡ ሌሎች የዘር በሽታዎችም አሉ። ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ከስቶ ከታየና ሰውየው እየተንገዳገደ ንግግሩም ከተሰባበረ፣ በዘር የሚመጡት የሚዛን በሽታዎች ይታሰባሉ። የደም ግፊትም ስኳርም የሌለበት የ45 ዓመት ሰው በተደጋጋሚ ስትሮክ ከመታው፣ ለዓመታትም ከባድ የራስ ምታት ከነበረው፣ በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ጫፍ ነጭ ሆኖ መታየቱ ካዳሲል ወደተባለው የደም ሥር በሽታ ያመለክታል። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ በአንጎል መሐል ካልሲየም ይጋገራል። ይህን ከኤምአርአይ ይልቅ ሲቲ ስካን አጥርቶ ያሳየዋል፤ ውዱ መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለው መሣሪያ አይደለም። በልጅነቱ የዓይን ሞራ የወጣበት፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ አድጎም ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ያበጠና አረማመዱ የተበላሸ ሰው ሌላ መታከም የሚችል የዘር በሽታ ሊኖርበት ይችላል። በዚህ በሽታ ሰውነት ሐሞትን በትክክል መሥራት ያቅተዋል፤ የጎደለውን የሐሞት አሲድ በመድኃኒት መልክ በመስጠት ይታከማል።

መድኃኒት በሌለው ጊዜስ ማወቁ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በቬንዙዌላ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ሃንቲንግተን በብዛት የሚገኝባቸውን ቤተሰቦች ለዓመታት ያጠናችው አሜሪካዊት ናንሲ ዌክስለር እናቷን በዚሁ በሽታ ያጣች ነበረች። በ1983 ዘረ መሉ ያለበት አካባቢ ተለየ፣ በ1993 ራሱ ዘረ መሉ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የታማሚ ልጅ በደም ምርመራ ዕጣውን ማወቅ ይችላል። በብዙ አገር ግን ዕድሉ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች አለማወቅን መርጠዋል። ዌክስለር ራሷ በሽታው እንዳለባት በይፋ የተናገረችው በ2020 ነው። በሌሎች አገሮች ምርመራው የሚሰጠው ከምክር አገልግሎት ጋር ነው፣ ለሕፃናትም አይደረግም። ምልክት ሳይኖርበት ፊልም ተነስቶ «አንጎልህ ከስቷል» የሚባል ሰውም ያው ነው፤ ሳይጠይቅ የማይመለስ ዜና ይነገረዋል። ስለዚህ ለጤነኛ ወንድምና እህት «ለማንኛውም ኤምአርአይ ተነሱ» ማለት ምክር አይሆንም።

በዊልሰን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሳይታመሙ ማወቅ ያድናል። የታማሚ ወንድምና እህት ማግኔት ውስጥ መግባት ሳያስፈልጋቸው በደም፣ በሽንትና በዓይን ምርመራ ይጀምራሉ።

ከምዕራብ ሐረርጌ ሪፈር ተጽፎለት ለሚሄድ ሰው አንዳንድ ነገር ጉዞውን ፍሬያማ ያደርገዋል። መንቀጥቀጡን፣ አረማመዱን፣ ንግግሩን በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ፤ ዘወትር የሚታየው ምልክት ሐኪሙ ፊት የጠፋበት ታካሚ ብዙ ነው። በእናትም በአባትም በኩል የታመሙትን፣ የሞቱትን፣ ዕድሜያቸውን በወረቀት መጻፍ። አስተርጓሚው የሚያፍርበት ነገር ካለ ለሐኪሙ ለብቻ መንገር፤ ወይም ከሆስፒታሉ ሠራተኛ ኦሮምኛ የሚችል መጠየቅ። የሚወሰደውን መድኃኒትና የሚቃመውን ጫት አለመደበቅ። ፊልሙ ሲሰጥ ሲዲውንም መጠየቅና አለመጣል፤ ፊልሙን መስኮት ላይ አስደግፎ በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ለሰላምታ እንጂ ለምርመራ አይበቃም፣ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል። «ጤነኛ ነው» የሚል ሪፖርት ይዞ የተመለሰ፣ ምልክቱ ግን እየባሰ የሚሄድ ሰው እንደገና ይታይ። ከወንድሞቹ ወይም ከእህቶቹ አንዱ ላይ የዊልሰን በሽታ የተገኘበት ሰው ደግሞ፣ ምንም ባያመውም፣ በዚያው ሳምንት ደሙንና ዓይኑን ያስመርምር።